አባባ ስለ ሸራው ነገ ሊምል ነው

ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ላልከኝ፣ ነው! ወንድም ጋሼ ዘመነ፣ ነው አልኩህ። ትናንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ባትዘጋብኝ ይህንኑ ልልህ ነበር። ስጮህ ስለምትዘጋው ዛሬ በወረቀት ጻፍኩልህ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልከዋለሁ። ወረቀት አይጮህም።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ተናድጄም ቢሆን ሰላምታ አላስቀርብህም። ጤናህስ? ባሕሩ ላይ የሚያስመልስህ ነገር ተወህ? መርከባችሁ ጅቡቲ ገብታ ቆማለች ስትል ደስ ብሎኛል፤ ሙቀቱን እንዴት ቻልከው? ትበላለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኛ ክብሩ ይስፋ በአካል ደህና ነን። በአካል ነው ያልኩት።

በስልክ ግማሹን ብቻ ነው የሰማኸው፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ቀን አባባ የዘጠኝ ቤት የዘር ስንዴ በአይሱዙው ከማርቆስ ጭኖ ሲመለስ አብሬው ነበርኩ። ትምህርቱን ከተውኩ ወዲህ ጭነቱን የማስረው እኔ ነኝ። ከባለስንዴዎቹ አንዱ፣ አያ የሺዋስ፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ቀልድ እያወራ ያስቀናል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ መጣ፣ ከዚያ በረዶው። በረዶ ስልህ ሽንብራ የሚያህል እንዳይመስልህ፤ መስታወቱን ሰነጠቀው። ጭነቱን የሸፈንንበት ሸራ ተርገበገበ፣ ተርገበገበና ከመሀሉ እስከ ጫፉ እንደ አሮጌ ነጠላ ተተረተረ። ግማሹን ነፋሱ ገደል ከተተው። አባባ መኪናውን አቁሞ ጭነቱ ላይ ወጣ፣ ጋቢውን አውልቆ ዘረጋው። አንድ ጋቢ፣ ለዚያ ሁሉ ጆንያ! ውረድ አባባ ብለው እምቢ አለ፣ በደረቱ ተኛበት። እኔ ከታች ቆሜ ማየት ብቻ። ምን ላድርግ?

መንገዱ ቦክቶ ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረን ቆየን። ደርሰን ጆንያው ሲፈታ ስንዴው ነጭ ሥር አውጥቷል፣ ሽታው የብቅል። አንዷ ባልቴት አባባን ቀና ብላ አየችውና፣ አያ ፈንታ ዘር አምጣ ብንልህ ጠላ ልታስጠምቀን ነው ወይ አለችው። ሰው ሳቀ። አባባም አብሮ ሳቀና ጎማው ሥር ቁጭ አለ፣ እስኪመሽ አልተነሣም። ሰዉ የሚዘራው የለውም፣ ሐምሌ ደግሞ ደረሰ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ዳኛው አያ ገብረ ኪዳን ናቸው። የእግዜር ቁጣ ከሆነ ጉዳቱን ዘጠኙም ቤት ይችለዋል፣ ሸራው ቀድሞም ቀዳዳ ከነበረ ግን ፈንታ በሬዎቹን ሸጦ ዘሩን ይተካል አሉ። አባባ ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? ያንተን ወሬ! በሽኝትህ ቀን ዳስ ውስጥ ያወራኸውን። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ማዕበል የነጋዴ መርከብ መትቶ ዕቃው ሲበላሽ ካፒቴኑ መጀመሪያ ያገኘው ወደብ ላይ ይወርዳል፣ መርከበኞቹን ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ማዕበል ነው እንጂ የእኔ ጥፋት አይደለም ብሎ ይምላል፣ ነጻ ይወጣል። መርከበኛው ልጄ ነው የነገረኝ፣ እኔም እንደዚያ እምላለሁ አለ፣ ደረቱን ነፍቶ! ነገ የሰኔ ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሸራዬ ደህና ነበር ብሎ ታቦት ፊት ሊምል ነው።

ወሬው ግን ጭራ ነበረው፣ እኔ ሰምቼሃለሁ። ዳኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጭነቱ ክዳን ደህና ነበር ወይ ብሎ ነው፤ ክዳኑ ብልሽት ካለው ማዕበሉ ካፒቴኑን አያድነውም ብለህ ነበር። አባባ ያኔ እንግዳ ሊቀበል ወጥቶ ነበርና ይህን አልሰማም።

ያንን ዳስ በምን እንደጣልነው ደግሞ አንተም እኔም እናውቃለን። በአባባ ሸራ! ምሰሶው እንዲሾልክ ብለህ በቢላ ሁለት ቦታ ክብ አድርገህ የቀደድክ አንተ፣ ወጥሬ የያዝኩልህ እኔ። ለአባባ እንዳልናገር በእማዬ አፅም አስማልከኝ፣ ማልኩ። ከዚያ ወዲህ ጭነት ባሰርኩ ቁጥር ቀዳዳውን በገመድ እየሸበብኩ እሰውረው ነበር። አባባ አንድም ቀን አላየውም። ነፋሱ ነው የተረተረው፣ እሺ። የጀመረለት ግን ያንተ ቢላ ነው። የደበቀው ደግሞ የእኔ እጅ።

ሸራው ገደል ገብቷል፣ ማን ያየዋል አልከኝ። ከትናንት በስቲያ የአያ የሺዋስን ልጅ ፍቅርአዲስን መንገድ ላይ አገኘኋት። ከገደል የለቀሙትን ቁራጭ እንደ ገሳ ለዝናቡ ለብሳዋለች። አንገቷን በየት ያወጣችው ይመስልሃል? በቀዳዳህ! ጠርዙ በስለት የተቆረጠ መሆኑ ያስታውቃል። አባቷ ሲቀልድ ቢውልም ሞኝ አይደለም። ዛሬ ልብ ባይለው ነገ ይለዋል፣ ያን ጊዜ አባባ ታቦት ፊት የዋሸ ሰው ሆኖ ይቀራል። በሬ ይገዛል፣ ወንድም ጋሼ። በሐሰት ማለ የተባለ ሰው ግን ማን ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል? ማንስ ጭነቱን ይሰጠዋል?

ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስልህ። በሬዎቹን ስጣቸውና ይቅር፣ አትማል ብለው፣ ያላጠፋሁትን እንደ ሌባ ልክፈል ወይ ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ፣ ታውቀኛለህ፣ ሰሐንም ሰበርኩ። ዛሬ ጠዋት ልነግረው አፌን ከፍቼ የእማዬን ፎቶ ሳየው ዋጥኩት። አስተማሪ ፊት ደብተሬን ወርውሬ የወጣሁት ልጅ ምላሴ ታሰረ። ብናገር እማዬን፣ ዝም ብል አባባን። በየትም በኩል መውጫ የለኝም። ያሰርከኝ አንተ ነህ፣ ፍታኝ። ካልሆነ ራስህ ንገረው። የእኔን ቃል የቁጣ ነው ብሎ ይተወዋል፣ ያንተን ግን ያምናል።

አክስቴ ሥራነሽ ዓይኑን ሳሚልኝ፣ ብርድ እንዳይመታው በይው ብላለች፣ ጅቡቲ ብርድ ያለ መስሏት። ልጇ አበባው ከክፍሉ ሦስተኛ ወጥቷል፣ የመርከብ መሪ እንደ አይሱዙ ክብ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ይላል። አባባ ደጅ ላይ ለነገ ጫማውን እየቦረሸ ነው፤ ለዘመነ ሰላም በይልኝ፣ ነገ ምዬ ስገላገል እኔው እደውልለታለሁ አለኝ።

ነገ አይደለም! ዛሬ! አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደውል። ለእኔ አይደለም፣ ለአባባ ደውል።

እህትህ መክሊት ፈንታ
ደብረ ኤልያስ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.