ስለ ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ጥቁር ጣትና ስለ አንድ ሙሉ ነጥብ

ለክቡር አቶ ጌጤነህ ወልደአማኑኤል
የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ታኅሣሥ ፮ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ድክመቴ አስቤ በጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝኩት መሠረት፣ አስቤ ስለማቅረቤ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ በእኛ ጭቃ ብዙ የተንገላታውን የላንድሮቨርዎን ጤና፣ እንዲሁም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራውን የቡናዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከንዴት በስተቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ስሜን ዘንግተውት እንደሆነ፣ እታገኝ ሞላ እባላለሁ፤ የጅማ ልጅ፣ የሂርማታው ልብስ ሰፊ የሞላ ልጅ ነኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ የመጨረሻ ዓመቴን ይዤ፣ ከሰቃ ወዲያ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት አምስተኛንና ስድስተኛን በአንድ ክፍል እያስተማርኩ እንድለማመድ ተመድቤያለሁ። ኅዳር ፲፭ ቀን ሰኞ መጥተው፣ አንድ መምህር ሊያሟላቸው ይገባል በሚባሉት ዐሥር መመዘኛዎች መዘኑኝና ወደቅሁ። በሪፖርትዎ መጨረሻም፣ ሠልጣኟ ስለ ድክመቷ በጥሞና አስባ በሦስት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ታቅርብ፣ እስከዚያው ሠርተፊኬቷ ይታገድ ብለው አዘዙ። እነሆ ሦስት ሳምንቱ ዛሬ ሞላ፤ እኔም አሰብኩ። ደብዳቤው በግልጽ የተጻፈበትን ምክንያት ቢጠይቁኝ፣ እርስዎ ድክመቴን በሰንደቅ ዓላማው ሥር በመምህራኑና በተማሪዎቼ ፊት ስላነበቡልኝ፣ መልሱን ለብቻዎ ሹክ ማለት ነውር ሆኖ ስለታየኝ ነው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ እንዳይሆንብኝ፣ ቂም መያዜን በቅድሚያ አስታውቃለሁ። መመዘኛዎችዎን ግን ተራ በተራ፣ በሙሉ ትሕትና እከተላለሁ።

፩. ስለ ተማሪዎች ንጽሕና፤ ከዐሥር ዜሮ።

ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፉ ከመኪናዎ ወርደው፣ ነጭ መሐረብዎን አፍንጫዎ ላይ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ፊት እንዲዘረጉ አዘዙ። ከእኔ ክፍል አርባ አራት ተማሪዎች የሠላሳ አንዱ ጣት ጥቁር ሆኖ ተገኘ። በስድስተኛ ክፍል ካሉን ልጆች ብቸኛዋ ሴት ከሆነችው ከፈድሊያ ጅብሪል ፊት ሲደርሱ፣ እጇን በእጅዎ መንካት ስለተጠየፉ በብዕርዎ ጫፍ አንሥተው፣ ገልብጠው አዩና፣ ይህ እጅ ነው ወይስ የድስት ቂጥ ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ጥያቄው መልስ የሚፈልግ መስሏት፣ እጅ ነው ጌታዬ ብላ መለሰች። ከዚያ ሁሉም ወደ ወንዝ ወርደው በአሸዋ እንዲፈትጉት አዘዙ። ፈተጉት። ቆዳቸው ተልጦ ሲመለሱ ጥቁሩ እንዳለ ነበር።

በዚህ አገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የጠቆረ ጣት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም። የቀይ ቡና ጭማቂ ጣት ላይ ሲደርቅ ይጠቁራል። በሳሙና አይለቅም፣ በእንዶድ አይለቅም፤ ቆዳው በራሱ ጊዜ እስኪታደስ ድረስ ተሸክሞት መኖር ብቻ ነው። የፈድሊያ እናት ወይዘሮ ባህሪያ፣ ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው መባሉን ሰምተው በዋዜማው የልጃቸውን ጣት በሎሚና በአመድ ሲያሹ ውለዋል፤ ልጅቱ ብታለቅስም አልተዉአትም። ያ ሁሉ ድካም ለእርስዎ ክብር ሲባል የተደከመ ነበር። እርስዎም ውለታውን አልረሱም፤ ጣታቸው እስኪነጻ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ብለው ሠላሳ አንዱንም ወደየቤታቸው ሰደዱና ትእዛዙን በማኅተም አጸኑት።

፪. ስለ ተማሪዎች ተሳትፎ፤ ከዐሥር ሁለት።

ሠላሳ አንዱን ካባረሩ በኋላ ዐሥራ ሦስት ልጆች ወደቀሩበት ክፍሌ ገብተው፣ ወንበሩ አብዛኛው ባዶ ነው፣ እጅ የሚያወጣውም ጥቂት ነው ብለው ጻፉ። ትክክል ብለዋል፤ ባዶ ወንበር እጅ አያወጣም። ሁለቱን ነጥብ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ድንጋጤ በኋላ አፋቸውን ለከፈቱት ለሁለቱ ልጆች እንደሆነ ገምቻለሁ።

፫. ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፤ ከዐሥር አንድ።

በዚያ ቀን ክፍልፋይ ነበር የማስተምረው። በየጠረጴዛው ሃያ አራት ሃያ አራት የደረቀ ቡና አስቀምጬ፣ ግማሹን፣ ሲሶውን፣ ሩቡን እያስከፈልኩ ሳለ፣ ይህን ቆሻሻ አስጠርጊ አሉኝ፤ አስጠረግሁ። ከሰዓት በኋላ ከወኪልዎ ከአቶ ሸኩር ግቢ በመኪናዎ ኋላ ሁለት ጆንያ ሙሉ ቆሻሻ አስጭነው ወደ ጅማ ሲመለሱ ግን አይቻለሁ። እንግዲህ ቡና ከሁለት ጆንያ ሲያንስ ቆሻሻ እንደሚባል ያወቅሁት ከእርስዎ ነው፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ።

፬. ስለ ድምፅ፤ ከዐሥር አራት። ድምጿ ለሴት ይበረታል ብለዋል። ይበረታል። ገና ይሰማሉ።

ከአምስተኛ እስከ ዘጠነኛ ያሉትን እዘላቸዋለሁ። ጫማዬ ጭቃ እንደነበረበት የጻፉትን ሳነብ፣ እኔ በእግሬ የምመጣበትን መንገድ በመኪና ያለፈ ሰው ሌላ ምን ሊጽፍ ይችላል ብዬ ስቄ ተውኩት።

ወደ ዐሥረኛው ከመሄዴ በፊት፣ ከጉብኝትዎ በኋላ የሆነውን ላስታውቅዎ ይገባል። ካባረሯቸው ልጆች ሠላሳውን እኔው ራሴ በጓሮ በር አስገብቼ እያስተማርኳቸው ነው፤ ይህንንም ከድክመቶቼ ይጨምሩልኝ። ፈድሊያ ግን አልመጣችም። አባቷ አቶ ጅብሪል ከቡናዎ አጠገብ የሌላ ባለርስት መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ናቸው፤ የእርስዎ ጭሰኛ ቢሆኑማ ኖሮ ስማቸውን እዚህ ላይ ባላነሣሁም። ሦስት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። መምህርት ለማለት ባርሲስቱ ነው የሚሉኝ። እንዲህ አሉኝ፦ «ባርሲስቱ፣ ማኅተም ያስወጣትን እኔ በምን አቅሜ ላስገባት? ያስወጣት ማኅተም ያስገባት እንጂ። እስከዚያው ቡናዋን ትልቀም፤ አላህ ያለው ይሆናል።» ፈሪ ብዬ ልቆጣቸው አሰብኩና፣ እኔ ራሴ ምን ያህል ጀግና እንደነበርኩ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ጥር ፲ ቀን ይዘጋል። እስከዚያ ክፍል ውስጥ ካልተገኘች ስሟ አይላክም፤ ስሟ ካልተላከ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የሚያገኛት ትምህርት ቤት ሳይሆን ባል ቤት ነው። ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት እጇን አውጥታ የምታርመኝ ልጅ እሷ ነበረች።

፲. ስለ ስም መጥሪያ መዝገብ፤ ከዐሥር ዐሥር።

ክቡር ሆይ፣ ሙሉ ነጥብ የሰጡኝ በዚህ ብቻ ነው፤ ምስጋናዬም እዚህ ላይ ወሰን የለውም። መዝገቡ በጥንቃቄና በእውነት የተያዘ ሆኖ ተገኝቷል፣ ለሌሎችም ምሳሌ ይሆናል ብለው በእጅዎ ጽፈው፣ በየገጹ ፈርመው፣ በየገጹ ማኅተም አሳርፈውበታል። ገጾቹን ሲገልጡ ጣትዎን በምላስዎ እያረጠቡ፣ ዐይንዎ ግን ዶሮ ወጥ ይሠራበት በነበረው በርእሰ መምህሩ ቤት በር ላይ ስለነበር፣ የመጨረሻውን ዓምድ ሳያዩት እንዳለፉ አውቃለሁ። እኔ ላንብብልዎ።

ዓምዱ «የቀሩበት ምክንያት» ይላል። ከጥቅምት ፲፱ እስከ ኅዳር ፲፩ ባሉት ዐሥራ ሰባት የትምህርት ቀናት፣ ከሠላሳ አንዱ ልጆች ስም ትይዩ፣ በየቀኑ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፦ «በተቆጣጣሪው በአቶ ጌጤነህ ወልደአማኑኤል ጫካ ቡና እየለቀሙ፤ ወኪላቸው አቶ ሸኩር የእርሻ ትምህርት ልምምድ ነው ብለው፣ በርእሰ መምህሩ ፈቃድ ስለወሰዷቸው።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ያ በብዕርዎ ጫፍ አንሥተው የተጸየፉት ጥቁር፣ የእርስዎ ቡና ጥቁር ነው። እነዚያ ልጆች ጣታቸውን በአሸዋ እስኪላጡ የፈተጉት የእርስዎን መከር ለማስለቀቅ ነበር። ዜሮ የሰጡት ለእኔ ክፍል ንጽሕና ሳይሆን ለራስዎ ማሳ ነው፤ ባዶ ወንበር ያሉትን ያስለመደውም የራስዎ ወኪል ነው። አሁን መዝገቡ እውነት ነው ካሉ፣ ያዋረዷቸው ልጆች የራስዎ ለቃሚዎች ናቸው። ሐሰት ነው ካሉ ደግሞ፣ ለሐሰት ሙሉ ነጥብ ሰጥተው በየገጹ ማኅተም የመቱ ተቆጣጣሪ ነዎት። ከሁለቱ የቱን እንደሚመርጡ ለማየት ቸኩያለሁ። መዝገቡ ጠፋ የሚል ሦስተኛ መንገድ ቢታሰብዎ እንዳይደክሙበት፣ ገጾቹን ጅማ ወስጄ ፎቶግራፍ ቤት አስነሥቻቸዋለሁ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ማኅተሙ ጎልቶ እንዲወጣ ብሎ ሁለት ሁለት ጊዜ አነሣቸው።

እንግዲህ በጥሞና አስቢ ያሉኝን ድክመቴን ላቅርብ፤ ይኸኛውን ያለ ቀልድ ነው የምጽፈው። ዐሥራ ሰባት ቀን አቶ ሸኩር ልጆቹን ከክፍሌ እየቆጠሩ ሲወስዱ፣ በሩ ላይ አልቆምኩም። መዝገብ ላይ ጻፍኩ እንጂ አልከለከልኩም። የፈድሊያን እጅ በብዕር ሲያነሡት ከጎኗ ቆሜ ዝም አልኩ፤ ሠርተፊኬቴን አስቤ ነው ዝም ያልኩት። ከመመዘኛዎችዎ አንዱም ይህን አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ ኖሮ ከዐሥር ዜሮ ይገባኝ ነበር፤ እኔም ሳልከራከር እቀበል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ የእርስዎ ሪፖርት ሳይሆን ይህ ነው።

ስለዚህ ሠርተፊኬቴን እንዲለቁልኝ አልለምንም፤ ደስ እስኪልዎ ያቆዩት። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጥር ፲ በፊት ባለ አንድ ሰኞ መጥተው፣ በዚያው ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ በዚያው ማኅተም፣ ፈድሊያ ጅብሪል ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ይዘዙ። ይህን ቢያደርጉ ይቅር እንደምልዎ እንዳያስቡ ግን አደራ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልጅቱን ቢመልሱም የላክኋቸውን ግልባጮች አልመልስም፤ እርስዎ በዚህ መንገድ ባለፉ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ደጅ ያለ ሰው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እንዲያሳይዎት እፈልጋለሁ።

ጊዜዎን ሠውተው ድክመቴን ስላሳዩኝ፣ በተለይም በማኅተምዎ ስላልሰሰቱ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለዘለቄታው የማልረሳዎት

ታዛዥዎ
እታገኝ ሞላ
የታገደች ሠልጣኝ መምህርት

ግልባጭ፦
ለእርስዎ የበላይ ኃላፊ፤ ከፎቶግራፎቹ ጋር
ለመምህራን ማሠልጠኛው ዳይሬክተር፤ ስለ ድክመቴ በፋይሌ ውስጥ እንዲያያዝልኝ
ቡናዎን ለሚገዙት ነጋዴ ለአቶ ኑሪ፤ በማን እጅ እንደተለቀመ እንዲያውቁት
አሰንዳቦ አውቶቡስ ማቆሚያ ሻይ ቤት፣ ለወይዘሮ ወርቅዬ፤ ግድግዳቸው ላይ ለጥፈው ማንበብ የሚችል መንገደኛ ለማይችለው ጮክ ብሎ እንዲያነብለት
ለአቶ ጅብሪል፤ ልጃቸው ታነብላቸዋለች

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በስድስት ቅጂ አሳምራ የጻፈችው ፈድሊያ ጅብሪል ናት። ስርዝ ድልዝ እንደሌለበት፣ መስመሩም እንዳልተዛነፈ ይመለከታሉ። አምስቱን ስትጽፍ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር። የእርስዎን ግን ከጫካዎ ቡና ለቅማ እንደመጣች፣ ጨርቁን ፈትታ ጻፈችው፤ እኔም አልከለከልኳትም። ከፊርማዬ አጠገብ የሚያዩት ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ የእሷ ነው። በመሐረብዎ ለመጥረግ አይድከሙ፤ አይለቅም፤ የራስዎ ቡና ነው።