ኳስ ክብ ናት ላሉን ለስታዲየማችን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የስታዲየማችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለሳሩ አሳዳጊና ለቁልፎቹ ሁሉ ጌታ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? ወገብዎስ? ያቺ ሾጣጣ ጥቁር ጫማዎ ከቦዩ ወጣች ወይስ አሁንም እዚያው እየዋኘች ነው? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ፣ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሴቶች ቡድን ውስጥ በግራ ክንፍ የምሮጠው፣ ከልምምድ ውጭ በአባቴ ጎሚስታ ቤት ጎማ የምለጥፈው ቀጭኗ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ይለፉኝ። እርስዎ ብዙ ነገር ማለፍ የሚችሉ ሰው ነዎት፤ የእህቴን የታሰረ እጅ እንኳ ቀና ብለው ሳያዩ ነው ያለፉት።

ይህን ሁሉ ቢሮዎ ገብቼ በአክብሮት ልነግርዎ ብዙ ጊዜ ተመላልሼ ነበር። ጸሐፊዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ትለኛለች። እኔም ወጥቼ ከመስኮትዎ ሥር ስቆም ማንኮራፋትዎ ይሰማኛል፤ ስብሰባው የከበደ መሆኑ ስለሚገባኝ አልረብሽዎትም። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነብበት በዚህ መንገድ ብጽፍልዎ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሳሩ። የአዲሱን የውድድር ዘመን ልምምድ ልንጀምር ታኬታችንን አንጠልጥለን ስንመጣ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። እርስዎም ወጥተው፣ ሳሩ ደክሞታል፣ ማረፍ አለበት አሉን። እውነት ለመናገር ሳር እንደሚደክመው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ደግሞ የዕረፍቱ ዓይነት ገረመኝ። የጥበቃው በጎች ይግጡታል፤ እነሱ ታኬታ ስለማያደርጉ ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እርስዎና የአንጋፋዎች ቡድንዎ፣ ሆዳችሁ ከኳሱ ቀድሞ ጎል እየገባ፣ ስትንደረደሩበት ትውላላችሁ። ሳሩ ከእኛ ዕረፍት፣ ከእናንተ ማሳጅ ያገኝ ነበር ማለት ነው። የመልበሻ ክፍላችን ውስጥ ሶፋ ማስገባትዎንም ሰምተናል። ሳሩ ይተኛበት እንደሆነ ብለን አልጠየቅንም።

ሁለተኛ፣ በምትኩ ስለሰጡን ሜዳ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ያንን ተዳፋት ማን ሜዳ ብሎ እንደጠራው እግዜር ይወቀው። ግራው ከፍ፣ ቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ ከቀኙ ጠርዝ በታች ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ቆሻሻ ውኃ የሚወርድበት ቦይ አለ። ጎል ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። አሠልጣኛችን በሙያዋ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ጥመት ዓይኗን ያማታል፤ ገና እንዳየችው አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች። እርስዎ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ያቺን ወርቅ የሆነች ምክርዎን ጣል አደረጉልን፦ «ልጆቼ፣ ኳስ ክብ ናት፤ የትም ቦታ ትንከባለላለች።»

እውነትዎን ነው፤ ተንከባለለች። ክረምቱን በሙሉ ተንከባለለች፤ እኛም ከቦዩ እየለቀምን አጠብናት። ለጓደኛሽ ኳስ ማቀበል ስትፈልጊ ጓደኛሽን ሳይሆን ከእሷ በግራ ያለውን ባዶ አየር ነው የምታነጣጥሪው፤ ተዳፋቱ ራሱ ያደርስልሻል። እግራችን ይህንን ለመደ። አመል ደግሞ ያወጣል ከመሐል እንደሚባለው፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ እህቴ። ታላቄ ናት፤ በረኛችንም አምበላችንም እሷ ናት። ሰፈሩ «መዝጊያ» ነው የሚላት፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት። ይህ የመጨረሻ ዓመቴ ነው፣ ከዚህ በኋላ ጓንቴን እሰቅላለሁ ብላ ለሁላችንም ነግራናለች። ታዲያ አንድ ቀን የተመታ ኳስ ልትይዝ ስትወረወር አፈሩ ከሥሯ ከዳትና ተንከባልላ ቦዩ ውስጥ ገባች። የእጇ አንጓ ወጣ። እጇ ታስሮ፣ ጭቃዋን እንኳ ሳታራግፍ ቢሮዎ ደጅ ስትመጣ እርስዎ ወደ መኪናዎ እየሄዱ ነበር። ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? እኔ አስታውሳለሁ። በረኛ እጁን መጠበቅ አለበት ብለው በሩን ዘጉ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገር የምፈልገው ለጨዋታ ብቻ ነበር። የጥበቃውን ፊሽካ በጨርቅ የወተፍኩት ለጨዋታ ነው። መኪናዎ ላይ የበግ ደወል ያሰርኩትም ለጨዋታ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቂም ያዝኩ፤ ቂሜን ደግሞ እንደ ሕፃን አቅፌ አሳደግኩት።

አራተኛ፣ ስለዚያ ስለ ምርመራው ቀን። ይኼኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ ተራ ቁጥር ስለጀመርኩ ነው።

የሊጉ ሕግ ለሁላችንም ግልጽ ነው፦ ለጨዋታ የሚሆን ሜዳ የሌለው ቡድን አይመዘገብም፤ ሴቶችን ያባረረ ስታዲየምም የወንዶቹን ጨዋታ አያስተናግድም። እርስዎም ብልጥ ነዎትና ለሊጉ ሰዎች፣ ሴቶቹ በገዛ ፈቃዳቸው የራሳቸው ግሩም ሜዳ ይዘዋል አሏቸው። ሊጉ የላካቸው መርማሪዋ ሴትዮ በሚመጡበት ጠዋት ተዳፋቱን ኖራ አስቀቡት፣ ሁለተኛ ጎል ከስታዲየሙ አስመጥተው ተከሉበት። ከዚያ እህቴን ወደ ጎን ወስደው፣ እንግዳዋ እስኪሄዱ ድረስ መሐል ሜዳ ቆመሽ እግርሽን ከኳሷ ላይ እንዳታነሺ አሏት። ሜዳው ከወደቀ እናንተም ከሊጉ ትወድቃላችሁ፣ ዕወቂበት ብለው ጨመሩበት።

እህቴ ፈራች። እሷ የምትፈራው ለራሷ አይደለም፤ ይህ ዓመት ካመለጣት ሌላ የላትም፣ ቡድኑም ይበተናል። እባክሽ ዛሬ እንኳ አርፈሽ ቁሚ ብላ በእናታችን አጥንት አስማለችኝ። እኔም አርፌ ለመቆም ማልኩ፤ ዝም ለማለት ግን አልማልኩም። ኳሷንም ቢሆን አባቴ ቤት በጎማ መንፊያው እንደ ከበሮ እስክትወጠር የነፋኋት ከመሐላው በፊት ነው።

እንግዳዋ መጥተው፣ ከላይ ቆመው ሜዳውን በዓይናቸው ለክተው፣ መልካም ነው ብለው ሊመለሱ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ከወገቤም ጎንበስ ብዬ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን ይህን የመሰለ ሜዳ ከሰጡን ዘንድ አዲሱን የውድድር ዘመን በተባረከ እጃቸው ያስጀምሩልን፣ ኳሷን ራሳቸው መሐል ላይ ያስቀምጡልን ስል ለመንኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። አሠልጣኛችን ሳይቀር እልል አለች። እንግዳዋም፣ መልካም ሐሳብ ነው አሉ።

ፊትዎ ኖራውን መሰለ። እህቴ እኔን አየችኝ፣ እርስዎን አየችዎት፣ ከዚያ ቀስ ብላ እግሯን አነሳች።

እርስዎም ኳሷን ያዙ፣ አስቀመጡ፣ ለቀቁ። ሄደች። ሮጠው መለሷትና ደግመው አስቀመጡ፤ ደግማ ሄደች። ሣቅ እንዳያመልጠኝ የማሊያዬን አንገት ነክሼ ነበር፤ ይኸው አሁንም ጥርሴ ያረፈበት ቀዳዳ አለ። በሦስተኛው ጊዜ ኳሷ አልጠበቀችዎትም፤ ኮትዎ እንደ ቁራ ክንፍ ተዘርግቶ ከኋላዋ ወረዱ። አንጋፋ መሆንዎን ያኔ ነው ያመንኩት፤ ቁልቁለቱን እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ጊዜ አላቆሙም። ቦዩም ተቀበለዎት።

ከዚያው ከቦዩ ውስጥ ሆነው፣ ነፋስ ነው ብለው ጮሁ።

እንግዳዋ ወደ ዛፎቹ አዩ፤ አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ከዚያ ወደ አምበሏ ዞረው፣ እውነት ነፋስ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ያቺን ሰዓት እስክሞት አልረሳትም፤ የእኛ ዓመት በሙሉ በእህቴ አፍ ውስጥ ነበር። የታሰረ እጇን በደህናው ያዝ አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

«ነፋስ የለም፤ ኳሷ ወደ ለመደችበት ነው የምትሄደው» አለች።

እንግዳዋ እጇን አዩ። ማን አሰረልሽ ሳይሆን፣ የት ወደቅሽ ብለው ነው የጠየቋት። እሷም ቦዩን፣ ቦዩ ውስጥም እርስዎን፣ በአንድ ጣት አሳየች።

የቀረውን ያውቁታል። ከሰኞ ጀምሮ ስታዲየሙ ለእኛም እንዲከፈት፣ ሶፋውም ከመልበሻ ክፍላችን እንዲወጣ ተፈረደ። ለልምምዳችን ቀን ሲፈለግ የተገኘው ክፍት ቀን ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ስለዚህ አንጋፋዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ወዴት ይሄዳሉ ብዬ በጣም ተጨነቅኩና ለእርስዎ ስል ቦታ አፈላለግኩ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባዶ ነው። ኖራው አልለቀቀም። ያስተከሉት ሁለተኛ ጎልም እዚያው ነው፤ እኛ አልነካነውም። አይስጉ፤ ኳስ ክብ ናት።

በመጨረሻም ስላደረጉልን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። በተዳፋት ሲሮጥ የከረመ እግር በደልዳላ ሜዳ ላይ እንደሚበርር ያወቅነው በእርስዎ ቸርነት ነው። የእህቴ አንጓ ድኗል፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ጓንቷን አጥልቃ ትቆማለች። ለእርስዎም የክብር ወንበር ይዘናል፤ ከታች፣ ኳስ ወጥታ ከምትወድቅበት አጠገብ።

ረጅም ዕድሜ፣ ጤናማ ጉልበት፣ ደረቅ ጫማ እየተመኘሁልዎ፣ ከእግርዎ ሥር (ቁልቁለት እስካልሆነ ድረስ) እጅ የምነሳው፣

የግራ ክንፍ ተጫዋችዎ፣ በቅጽል ስሜ ተርቧ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት የእግራችን አመል በደልዳላው ሜዳም አልለቀቀንም። የምናቀብለውም የምንመታውም ኳስ ሁሉ አሁንም ወደ ግራ ያደላል። በስታዲየሙ በስተግራ ያለው ደግሞ የእርስዎ ቢሮ ነው። የትናንትናው መስታወት በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ክፋት አድርገው አይዩብን። ሌሎቹ ልጆች አመሉን ቶሎ እየተዉ ነው። እኔ ግን እንደሚያውቁት ትምህርት ቶሎ አይገባኝም፤ ስለዚህ ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ራስዎን ወደ መስኮቱ አድርገው ባይተኙ ይሻላል።