በርሜል ውስጥ የተደበቀው አከራይ

መሐል ሜዳ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለጽናት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክማ እኔና አንቺ ከመሳቅ በቀር መነጋገር አቅቶናል። የመሥሪያ ቤታችን ገንዘብ ያዥ ማዕረግ ለሥልጠና አንቺ ወዳለሽበት ወደ ሐዋሳ እንደሚወርድ ስሰማ ወረቀት ፈለግሁ። ደውሎ ያገኝሽና በእጅሽ ይሰጥሻል። ቤቷን እይልኝ ግን አላልሁትም።

ሥራዬ ያው ነው። ጠዋት ካፖርቴን ደርቤ በየግቢው እየዞርሁ የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ። መስታወቱ ጤዛ ለብሶ ስለሚጠብቀኝ በእጅጌዬ ካልጠረግሁት ቁጥሩ አይታይም። ውሻው ይጮኻል፣ ባለቤቱ በዛብኝ ይላል፣ እኔም ቆጣሪው ነው እንጂ እኔ አልጠጣሁትም እላለሁ። ይህንን ቀልድ ስንት ዘመን እንደደጋገምሁት አንቺ ታውቂያለሽ፤ የሚስቅልኝ ግን እስካሁን አላጣሁም። እንግዳ የመጣበትን ቤት፣ ልጅ የተወለደበትን ቤት ከቆጣሪው አውቃለሁ። የራሳችንን ሳነብ ግን አፍራለሁ። ባለፈው አንድ ባልደረባዬ አይቶት ይሄማ ሳይበላሽ አይቀርም ብሎ ሊቀይርልኝ ነበር። አልተበላሸም፣ የሚጠቀም ሰው ነው የጠፋው ልለው አልሁና ተውሁት።

አሁን ሆን ብዬ ያልነገርሁሽን ልንገርሽ። ጎረቤታችን አቶ ምንይሉ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ከእነሱ ቤት ጋር የምንጋራው አንድ ግድግዳ ነው፤ ሳልም እንኳ ይሰማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ማዶ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው እያለቀሱ እኔ ወዲህ በቴሌቪዥን ጭውውት ስንከተከት ሊሰሙኝ አይገባም። ስለዚህ እስከ አርባቸው ድረስ አልከፍትም ብዬ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈንሁት።

ይህን ብነግርሽ አባባ በጨለማና በዝምታ ተቀምጠዋል ብለሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። እዚያ ሐዋሳ በመጀመሪያ ደመወዝሽ ለራስሽ ቴሌቪዥን የገዛሽ ቀን ከእንግዲህ የእሁዱን ኮሜዲ አብረን ነው የምናየው ብለሽኝ ነበር። እውነትም አብረን አየን። አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ እንዳለቀም ስልክ። እዚህ ሳለሽ ቀልዱ ሳይደርስ ቀድመሽ እየሳቅሽ ታናድጂኝ ነበር፤ በስልክ ግን ተራሽን ትጠብቂያለሽ።

አቶ ምንይሉ ከተቀበሩ በኋላ ያለው እሁድ ደወልሽ። አዩት ወይ ስትዪኝ አዎ አልሁ። የቱ ጋ ሳቁ ስትዪኝ ግን ተያዝሁ። ከሥራዬ ሌላ ምን አውቃለሁ? ያ የኮሜዲው ቆንቋና አከራይ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣበት ባዶ በርሜል ውስጥ ገብቶ ሲደበቅ አልሁሽ። አባባ፣ ይሄ ደግሞ የት አለ እስክትዪኝ እየጠበቅሁ ነበር። አንቺ ግን ሳቅሽን ለቀቅሽው።

«በርሜሉ ውስጥ ሆኖ ሲያስነጥስማ ሞትሁ» አልሽኝ።

እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን በነጠላ የተሸፈነውን ቴሌቪዥን አየሁት። አከራዩን በርሜል ውስጥ የከተትሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ከየት አየሽው?

በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ አንቺ ጀመርሽ። ሚስቱ ከነፍራሹ አስወጣችው፣ ዶሮ ቤት አደረ አልሽኝ። እኔም አዎ፣ እሱ ጋ በጣም ሳቅሁ አልሁ። ከዚያ ወዲህ እየተቀባበልን ስንት ነገር አደረግነው ያን ምስኪን። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከዋናው የእኛው ያስቃል። ሳቄ ሲያልቅ ግን ስለ አንቺ ማሰብ እጀምራለሁ። ቴሌቪዥንሽ ተበላሽቶ ነው? ተሽጦ ነው? ወይስ ከቤቱ ወጥተሽ ነው? ሥራው እንዴት ነው ስልሽ ደኅና ነው ትዪና ወደ አከራዩ ትሮጫለሽ። ከኋላሽ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል፤ የቴሌቪዥኑ ነው ትዪኛለሽ። እንዳልጠይቅሽ የራሴ ውሸት አፌን ያዘኝ።

ባለፈው እሁድ የአቶ ምንይሉ አርባ ወጣ። ወደ ማታ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ራሳቸው መጡና ይክፈቱት እንጂ አቶ ወሰኔ፣ የእርስዎ ዝምታ ከእኔ ልቅሶ ባሰብኝ አሉ። ነጠላውን አንሥቼ ከፈትሁ። በኮሜዲው ሰዓት አንድ ሰውዬ ስለ ንብ እርባታ ያስረዳል። ኮሜዲው ካለቀ መሰንበቱን በማግስቱ ቢሮ ነው የነገሩኝ። ሰውዬው ስለ ቀፎ እያወራ ስልኬ ጮኸ። ዛሬስ አከራዩ ምን አደረገ አልሽኝ። ስክሪኑን አየሁና ዛሬማ ንብ ነደፈው አልሁሽ። ፊቱ ሲያብጥማ አልሽና ሳቅሽ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ አንዴ እኔን አንዴ ሰውዬውን ያያሉ። ስልኩን ስዘጋ ቀስ ብለው ተናገሩኝ።

«የእኔው ሞቷል፤ ብጠይቀው አይመልስልኝም። የእርስዎ ልጅ ስልክ ላይ ናት። ምነው አይጠይቋት?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ለቤት ስዞር የማስበው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የራሴን ላስቀድም። ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ይሰለቸኛልና ዳቦ በሻይ በልቼ እተኛለሁ። እሁድ እስኪደርስ ሌላው ቀን ሁሉ ይረዝምብኛል። ደኅና ነኝ የምልሽ እንዳትሰጊ ነው። አንቺም የምትስቂልኝ እኔ እንዳልሰጋ እንደሆነ ገብቶኛል። እንዲህ ስንተዛዘን ግን ጭራሽ ልንተጣጣ ነው።

የፊታችን እሁድ እንደ ወትሮሽ ደውዪ። ስለ አከራዩ ግን አንነጋገር። የት ሆነሽ እንደምትደውዪ፣ ማን አጠገብሽ እንዳለ፣ ቀን ምን በልተሽ እንደዋልሽ ንገሪኝ። ወደ ቤት መምጣት ካማረሽም ምክንያት አትፈልጊለት። ምንም ይሁን ምን አልቆጣሽም። ካለቀስሽም እስክትጨርሺ ስልኩን አልዘጋም።

እመቤታችን በጥላዋ ትከልልሽ፤ በወጣሽበት በር በሰላም ትመልስልኝ።

የሚናፍቅሽ አባትሽ
ወሰኔ