በሰሜኑ በር የወጣ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ከካራ በላይ ባለው የባሕር ዛፍ መንገድ ወጣን። ጭቃ በጭቃ። እኔ ከፊት፣ አምሃ መሃል፣ ሀሚድ ከኋላ። የኋላው ማንንም አያልፍም። መንገድ ሲከፈል ቆሞ መጠበቅ። ጉም ሲወርድ ወዲያው መመለስ። ከማስተማር ጡረታ ወጥቼም ደንብ ማውጣት አልተውኩም... ይስቁብኛል፣ ግን ይጠብቁታል።

ጫፍ ላይ ስንደርስ አምሃ እንደ ልማዱ የአቦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ተሳለመ። ቆየ። ሀሚድ ሲግናል ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ ጨዋታ የሚመጣለት ተራራ ላይ ነው።

"ጋሽ አምሃ፣ የሰፈሩን ኃጢአት በሙሉ ይዘው ነው እንዴ የሚመጡት?"

"ያንተ ነው ያስቆየኝ። ረጅም ነው።"

ስንወርድ አምሃ ጉልበቱን ሲይዝ አየሁት። ምነው ስለው "ምንም" አለ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ሲዘንብ ዋለ። አልወጣንም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ሐመልማል፣ የአምሃ ባለቤት፣ ደወለች። "ነገ ትወጣላችሁ አሉ። በዚህ ክረምት?" ከከበደ እንመለሳለን አልኳት። ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከዚያ... "ፍልሰታ ገብቷል፣ ሳልሳለም አልመለስም ይላል። እኔን አይሰማኝም፤ አንቺን ይፈራል። ደህና አድርገሽ መልሽልኝ።"

እሺ አልኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጫፍ ስንደርስ ጉሙ ወረደ። የሀሚድን ድምፅ እሰማለሁ፣ ሀሚድን አላየውም። "እንመለስ" አልኩ።

"ደጁ ደርሼ ሳልሳለም? በፍልሰታ?" አለ አምሃ።

"በል ቶሎ በል" አልኩት። ደንቡ ያኔ ፈረሰ። ያወጣሁት እኔ፣ ያፈረስኩት እኔ።

ሌላ ጊዜ ከበሩ ውጭ ነበር የሚቆመው። ትናንት ወደ ቅጥሩ ገባ። ሀሚድ በሩ ላይ ቀረ፤ እኔ ዝቅ ብሎ ያለው መንታ መንገድ ላይ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ሀሚድ ብቻውን መጣ።

"አምሃስ?"

"ሂድ፣ እደርስብሃለሁ አሉኝ። ቲቸር፣ ሰው ሲጸልይ በሩ ላይ ተገትሮ ማየት ነውር መሰለኝ።"

እውነቱን ነው፣ ነውር ነው። ፍልሰታ ነው፣ ይቆያል አልን። ዝናብ ጀመረ። ደወልኩ... የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም። ለጸሎት ብሎ አጥፍቶት ይሆናል አልን። ለሁሉም ነገር መልስ ነበረን።

ስንሰለች ተመልሰን ወጣን። ቅዳሴ ላይ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

"ግራጫ ካፖርት የለበሱት? እየዞሩ ሲሳለሙ አይቻለሁ። ወጥተዋል።"

በየትኛው በር? አላየም።

ቅጥሩ ሁለት በር አለው። እኛ የምናውቀው የደቡቡ ወደ ከተማ ያወርዳል። የሰሜኑ ወደ ሱሉልታ። ከሁለቱም ፊት ባሕር ዛፍ፣ ከሁለቱም ፊት ቁልቁለት። በዚያ ጉም ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር አቅጣጫው ጠፍቶበት በሰሜኑ ወጥቷል። እኛ ታች የምንጠብቀው መስሎት...

ሰሜኑ በር ላይ ቆምን። ምንም አይታይም። ሀሚድ ሊጣራ አፉን ከፈተና እኔን አየኝ። ከኋላችን ቅዳሴው። እጄን አንስቼ ዝም አሰኘሁት። ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ ጥሪ ግቢ ሙሉ ተማሪ ያሰለፍኩ ሴት፣ አንድ ጓደኛዬን ለመጥራት አፈርኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ እየተጣራን ጥቂት ወረድን። "አምሃ... ጋሽ አምሃ..." የተኛ ሕፃን እንዳይነቃብን የፈራን ይመስል። መንገዱ ሲጠፋብን ተመለስን።

የጮህነው ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ሰው ተሰብስቧል፣ ፖሊስም መጥቷል። ጨለማ እስኪያባርረን ጮህን። መልስ የለም።

ዛሬ ጠዋት አቶ ሰቦቃ የሚባሉ የዚያ ወገን ገበሬ ፈፋ ውስጥ አገኙት። እግሩ ተሰብሯል። የሌሊቱን ብርድና ዝናብ አልቻለውም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ተቀበረ።

አቶ ሰቦቃ ያን ሁሉ መንገድ ለቀብር መጡ። ሐመልማልን ሊያጽናኑ፣ "እዚያ ፈፋ ውስጥ ሆኖ ቅዳሴው ጥርት ብሎ ይሰማል" አሏት። ሴቶቹ ተመስገን አሉ። እኔ አልቻልኩም። ቅዳሴው እሱ ጋ ከደረሰ፣ የእኔ ድምፅስ?

እሱስ ጮኾ ይሆን? ወይስ እሱም አፈረ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሐመልማል ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"ጮኻችሁ ጠርታችሁት ነበር?"

"ኋላ ላይ።"

"መጀመሪያስ?"

"ቅዳሴ ነበር።"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ጓዳ ሆኜ ስጠራው፣ ደጅም ይሁን፣ አቤት ይል ነበር። ተኝቶም አቤት ይላል። እንቅልፉን ሳይጨርስ።"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

የሀሚድ ሱቅ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደተዘጋ ነው። ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ሀናን ሻይ አቀረበችና ትታን ወጣች።

"የኋላው እኔ ነበርኩ ቲቸር" አለ።

"ቶሎ በል ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። አፍህን ያስዘጋሁህም እኔ።"

ሻዩን ሳይቀምስ ወደ ጎን ገፋ አደረገው። "እንግዲህ ለሁለት እንሸከመዋለና።"

አልሳቀም። እኔም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

የተራራ ጫማዬ በር ሥር እንዳለ ነው። ጭቃው ደርቋል። አላጸዳሁትም። እኔ... ጫማ ሳላጸዳ አድሬ የማላውቀው።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

የአምሃ አርባ። ሰዉ ሲበተን ሐመልማል እጄን ይዛ አስቀረችኝ።

"ከዚያ ወዲህ ወጥታችኋል?"

"አልወጣንም። የምንወጣም አይመስለኝም።"

"ውጪ። እኔ ጉልበት የለኝም። ያቋረጠውን ሂጂና ተሳለሚልኝ።"

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ወጣን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ። የአምሃ ቦታ መሃል ላይ ክፍት። ሀሚድ አንዴም ጠጋ ብሎ አልሞላውም። ቀልድም የለም።

በሩ ላይ "እገባለሁ" አልኩት።

"ይግቡ። እኔ ከዚህች ንቅንቅ አልልም።"

ፊቱን አላዞረም። በሩ መሃል ተተክሎ እያየኝ ገባሁ። በጎን ስዞር ከዓይኑ ጠፋሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሰሜኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቆምኩ። ባሕር ዛፉ፣ ቀጭኑ መንገድ፣ ቁልቁለቱ... በቀን ብርሃን፣ በጠራ ሰማይ፣ ለእኔም የእኛን መንገድ መሰለኝ።

"ቲቸር!"

የሀሚድ ድምፅ ነው። ግድግዳ ተጠግተው የሚጸልዩ እናት ደነገጡ። አንዱ ሽማግሌ ዳዊታቸውን ዝቅ አድርገው "ምን ዓይነት ሰው ነው በደጀ ሰላም የሚጮህ?" አሉ። ሁሉም እኔን ያዩ ጀመር። ፊቴ ጋለ።

"ቲቸር!" አለ ደግሞ። ድምፁ ተሰነጠቀ።

"አቤት!" አልኩ፣ ፈፋው ድረስ እንዲሰማ አድርጌ።