የልጆች ቁመት መስሎን ስላስቀባነው መስመር

ይድረስ ለተከበሩ ኢንጂነር ሰውመሆን፣
የቤት ምርመራና የጥገና ግምት ባለሙያ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጫማዎን እንደ ተወለወለ፣ እግርዎንም እንደ ደረቀ ያቆይልኝ እያልኩ፣ ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ቤቴ ሆኜ ይህን እጽፍልዎታለሁ። ወለሉ ገና ስላልጠነከረ እግሬን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅያለሁና ለአቀማመጤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ ሒሳብ የማስተምረው የኔነህ ነኝ። የአገሩ ሰው ቤት ሊገዛ ሲያስብ የሚያየው በነሐሴ ነው። እኔ ግን የተማርኩ ነኝና በየካቲት፣ መሬቱ ደርቆ በተሰነጣጠቀበት ወር፣ ማኅተም ያለው ባለሙያ ይዤ ሄድኩ። የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ? እነሆ ለጥቂት ተረፍኩ። አሥራ አንድ ገጽ ስለሆነው የጥገና ግምትዎ ያለኝን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ምርመራው እንዳይዛባ ሻጭ አፉን እንዲይዝ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሻጩ አያ ንብረት እዚያች ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ሩዝ የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው። እርስዎ ሜትርዎን ሲዘረጉ ሦስት ጊዜ ጣታቸውን አወጡ። ሦስቱንም ጊዜ እጃቸውን እንዲያወርዱ በምልክት የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ የእጅ አወጣጥ ሥርዓት እያስተማርኩ እንጀራ የምበላው።

ሁለተኛ፣ የአልጋው አራት እግሮች በአራት ድንጋይ ላይ መቆማቸውን አይተው “ያወዛውዛልና ይነሣ” ብለው ጽፈዋል። ተነሣ። በድንጋዮቹ በራፉ ላይ አበባ ከበብኩባቸው፤ አበባውም ድንጋዩም አሁን የት እንዳሉ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ከጓሮ አጥሩ ጋር ተደግፎ የነበረውን “የደረቀ የደንገል ክምር” በቆሻሻ ማንሻ ሥር አስገብተው ዋጋ ስላወጡለት አመሰግናለሁ። በጋሪ አስጭኜ አስጣልኩት። ታንኳ እንደ ነበረ የነገሩኝ ጎረቤቴ እማማ ባየች ናቸው፤ የነገሩኝም በነሐሴ፣ በራሳቸው ታንኳ በራፌ ድረስ እየቀዘፉ መጥተው ነው። “አይ መምህር! ያችን ስታስጥላት ጊዜ አዲስ ያሠራህ መስሎኝ ነበር እኮ” አሉኝ።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመሩ ሦስት መስመሮች፣ በየአጠገባቸውም 98፣ 06 እና 12 የሚል ጽሑፍ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። እርስዎ “የልጆች ቁመት ምልክት” ብለው መዘገቡት። እኔም ልቤ ተነካ፤ ባለቤቴ ማህደር ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረችና የእኛም ልጅ እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለካል ብዬ ቤቱን የወደድኩት በዚያ ነው። ልብ ይበሉልኝ፦ በዘጠና ስምንት ከጉልበቴ በላይ የነበረው ያ ልጅ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወርዶ፣ በአሥራ ሁለት ደግሞ መለስ ብሎ አድጓል። የሒሳብ መምህር ሆኜ ይህን አይቼ፣ ልጁ ምን ነክቶት ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። እርስዎ ሁለት እጅ ቀለም አዘዙ፤ እኔ ጥንቁቅ ነኝና ሦስት እጅ አስቀባሁ።

በነሐሴ አንድ ማክሰኞ ቀን ውሃው ሲገባ ማህደር የሁለት ወር ልጃችንን አቅፋ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱንም በታንኳ ያወጡልኝ እማማ ባየች ናቸው። እኔ ከኋላ በውሃ ውስጥ እየሄድኩ የግምት ሰነድዎን ከራሴ በላይ ይዤ ነበር። ለምን እሱን እንዳዳንኩ እስካሁን አልገባኝም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ማህደር አሁን ደብረ ታቦር እናቷ ቤት ናት። የምትመለሰው ወለሉ ከትልቁ የውሃ ልክ በላይ ከፍ ሲል ብቻ መሆኑን ቁርጡን ነግራኛለች። የዘንድሮው ከጉልበት በታች ነው፤ አያ ንብረት ግን “ይኼማ ትንሹ ነው፣ የዘጠና ስምንቱን ባየኸው” ይላሉ። ስንት ነበር ስላቸው አንዴ ጭናቸውን፣ አንዴ ጉልበታቸውን ያሳዩኛል። አጥብቄ ስጠይቃቸው ተቆጡ፦ “እኛማ እንዳንረሳው ብለን ነው ግድግዳው ላይ የጻፍነው! እናንተ ቀባችሁት።”

ስለዚህ ክቡር ኢንጂነር፣ ገንዘቤን አልጠይቅም፤ ሰውን በስንፍናው ማስከፈል ተገቢ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያን የዘጠና ስምንቱን መስመር ከማጥፋታችን በፊት በዓይንዎ እንኳ ገምተውት እንደ ሆነ፣ ከፍታውን ይላኩልኝ።

የቤትዎ ደጃፍ ሁልጊዜ ደረቅ እንዲሆን የሚመኝልዎ፣ ሻጭን ዝም አሰኝቶ ግድግዳን ያስቀባ፣ ለትምህርት ዘግይቶ የደረሰ ተማሪዎ፣

መምህር የኔነህ
ወረታ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ ደብዳቤውን ካጠፍኩ በኋላ ሰነድዎን እንደገና ባገላብጥ፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ የሚፈጀውን ቀለም ለማስላት “የላይኛው ጭረት ከወለል 68 ሳንቲ ሜትር” ብለው ለክተው አገኘሁት። ከአሥራ አንዱ ገጽ ትክክል የሆነው ቁጥር እሱ ብቻ ነው፤ የለኩትም ለማጥፋት ነው። በከሰል መልሼ አሰመርኩት፤ ግንበኛውም ወለሉን ከዚያ በላይ ለማንሣት ሰኞ ይጀምራል። ለማህደር ደውዬ ቁጥሩን ስነግራት ስንት ብር እንደሚፈጅ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ማን እንደለካው ነው። አልነገርኳትም፤ እንድትመጣ እፈልጋለሁ።