አራስ አትነሳም

ጥቅምት 4
እህቴ ዑምኩልሱም ቤት ዋልሁ። ልጇ ሰሚሃ ከወለደች ሳምንቷ። ከጅዳ ስትመለስ ወፍራ ነበር የመጣችው፤ የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ «አረብ አገር ተስማማት» ብሎ መርቋታል። በእርግዝናው ባሰባት። አሁን ደግሞ ጧት ገንፎ፣ ቀን ገንፎ፣ ማታ የዶሮ ሾርባ። ከአልጋ መውረድ የለም።
«ዑምኩልሱም፣ በሩን አስፊው። በአርባዋ በዚህ አትወጣም» አልኋት።
ሰሚሃ ሳቀች። እናቷ ግን ኮራ ብላ፣ «ወፍራ ካልወጣች ጎረቤት ምን ይለኛል?»

ጥቅምት 8
ሰሚሃ ግራ ጎኗን ወጋት። ከወገቧ ከፍ ብሎ። ውሃ ለመነች... እናቷ ከለከለች። ለአራስ ብርድ ነው ብላ። ሁለት ብርድ ልብስ ደረብንላት።
«አጎቴ፣ ትንሽ እንኳ ልንቀሳቀስ።»
«አራስ ከተነሳች ቅጣት አለው። ገንፎው እጥፍ ይሆናል» አልኋት።
አልሳቀችም።

ጥቅምት 10
ብርድ ነው፤ ይለቃታል። አንዲት አሮጌ የጤና መጽሐፍ አለችኝ፤ እሷን አገላበጥሁ። ስለ ብርድ የሚል የለባትም። ጸሐፊው ወሎን አያውቅም ይሆን?

ጥቅምት 11
ሽንቷ ቀይ ሆነ። ፊቷም እግሯም አብጧል። ትናንት ሊጠይቋት የመጡት ሴቶች «ማሻአላህ፣ ሞላች» ሲሉ ያዩት እብጠቱን ነበር?
በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከዚያ ደሴ። መንገዱን ሙሉ ዑምኩልሱም ዱዓ ታደርጋለች።

ጥቅምት 12፣ ደሴ
አልትራሳውንድ ተነሳች። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ከኩላሊት ደም የሚመልሰው ሥር ውስጥ ደም ረግቷል አለችን።
«ብርድ አይደለም?»
«አይደለም፣ አባቴ። ውፍረቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ወፍራም ሰው ላይ ደም ለመርጋት ይቀለዋል። ወሊዱ ተጨመረ። መተኛቱና ውሃ ማጣቱ ደግሞ አባባሰው።»
«ይሟሟል?»
«መርፌ ጀምረናል። የምፈራው ተቆርጦ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ነው።»
ከሄደስ? አልጠየቅሁም። ፊቷ ነገረኝ።

ጥቅምት 13
ትተነፍሳለች። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 19
ሐኪሟ ቀስ እያልሽ ተራመጂ ብላታለች። ሰሚሃ እግሯን ስታወርድ እናቷ መልሳ ታስተኛታለች። ኮሪደር ላይ ተጣላን።
«አራስ አትነሳም። ልጄን ልትገድላት ነው?»
«እስካሁን ማን ሲገድላት ነበር?»
አፌ ምነው በተዘጋ። ብርድ ልብሱን የደረብሁት እኔም አይደለሁ?

ጥቅምት 27
ወደ ቤት መለሱን። ግራ ኩላሊቷ ደህና አይሆንም ተባለ። በቀኙ ትኖራለች። ኪኒን ለወራት። እርግዝና ለጊዜው የለም። ዑምኩልሱም አሁንም አታናግረኝም።

ኅዳር 7
የሰሚሃ አርባ። እብጠቱ ወርዶ ጉንጯ ጎድጉዷል። ቀሚሱ ሰፍቷታል። ሴቶቹ ገብተው ተቀመጡ። ጎረቤታችን ዋሲላ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ምነው ዑምኩልሱም፣ አራስሽ እንዲህ ከሳች? ዱቄት አጣሽ እንዴ?»
ለአራስ እናት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ስንቱን ቤት ያሳቀ አፌን በቀልድ ላስቀይስ ከፈትሁ።
ዑምኩልሱም ሕፃኑን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወደ ሰሚሃ ሄዳ እጇን ያዘቻት።
«ተነሽ ልጄ። የመራመጃሽ ሰዓት ደረሰ።»
እንግዶቹን እንደተቀመጡ ትታ፣ ደግፋት ወጣች።