የእትዬ ግን ሕይወትና የሰንበት ምርኩዛቸው ነገር

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ደወል አለኝ፤ የተንኳኳው ግን በእጅ ነው። ስከፍት በዚያው ሳምንት ከፊት ለፊቴ የገቡት አዲሷ ጎረቤቴ ቆመዋል።

«የፍሪጄን አምፖል ትናንት ሳልፈታው ቀረሁ» አሉኝ።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ነገር እምብዛም አይሆንልኝም። ቢሆንም ጎረቤት ናቸውና የዕቃ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ገባሁ። ፍሪጁን ከግድግዳው ጎትቼ አወጣሁት፤ ሶኬቱን ነቀልኩት፤ ጀርባውን ፈታሁት። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው አንዴ ጣሪያውን አንዴ እኔን ያያሉ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው። ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ተበላሽቷል አልኩህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት?»

«እኔ ምንም አድርግልኝ አላልኩም።»

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እሳቸው አይሁድ ናቸው፤ በእምነታቸው በሰንበት፣ ማለትም ቅዳሜ፣ መብራት አይበራም፤ የፍሪጁ በር ከተከፈተ አምፖሉ ይበራል፤ ምሳቸው ደግሞ ያለው ውስጥ ነው። ሌላውንም ሰው ክፈትልኝ ብሎ ማዘዝ አይሆንም። የሆነውን ተናግሮ ሰውየው ራሱ እስኪረዳ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ መረዳት የሚባለው ነገር ከልጅነቴም አልነበረኝም፤ አስተማሪዎቼ ምስክር ናቸው። በመጨረሻ ተናድጄ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና «ይኸው ይበራል! ይኸው ደግሞ አምፖሉ!» ብዬ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ድስታቸውን አወጡ።

ዛሬ የምንሸኛቸውን ሴት ያወቅኳቸው እንዲህ ነው። ልጃቸው ይህን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ለእኔ የሰጠችኝ «እኔ ከጻፍኩት እማዬን መልአክ አደርጋታለሁ፣ እሷ ደግሞ ትቆጣኛለች» ብላ ነው። ስለዚህ ጉድለቱ የእኔ፣ ታሪኩ የእሳቸው ነው።

ሁላችንም «እትዬ ግን» እያልን የምንጠራቸው ወይዘሮ ከአናጢው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ከእህትና ከወንድሞቻቸው ሁሉ ታናሽ ነበሩ። «ግን» የሚለው ስም የወጣላቸው በሰባት ዓመታቸው፣ ከምኩራቡ ጀርባ ባለችው የሃይማኖት ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ ሥጋና ወተት አንድ ላይ እንደማይበላ ሲያስተምሩ ሌሎቹ ልጆች እሺ አሉ። እሳቸው «እሺ፣ ግን ጥርሴ መሀል የቀረውስ ሥጋ?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ተቆጥተው ከክፍል አስወጧቸው። እሳቸውም ውጪ ቆመው በቁልፉ ቀዳዳ ሌላ ጥያቄ አስከተሉ። ኋላ ግን እኚያው መምህር ጥያቄው የሊቃውንት ጥያቄ እንደነበረ ለአባታቸው ነግረዋቸዋል። ለልጅቱ ግን አልነገሯትም፤ ብልህ ሰው ነበሩ።

መደበኛ ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በአንድ የልብስ እጥበት ቤት በተኳሽነት ተቀጠሩ። ሥራው ከባድ ነበር። በእንፋሎት የተሞላው አዳራሽ በክረምትም ላብ በላብ ያደርጋል፤ የመተኮሻው ክዳን ሲወርድ እጅ ቀድሞ ካልወጣ ይዞ ይቀራል። በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ጠርተው ቅዳሜ ሥራ እንዳለ ነገሯቸው። እሳቸውም ቅዳሜ እንደማይገቡ ነገሯቸው።

«ታዲያ የቅዳሜውን ሥራ፣ ሌላ ሰው በሌለበት በእሁድ ማን ሊሠራው ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ» አሉ። ቁልፉንም በዚያው ተቀበሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እሁድ እሁድ ያን ትልቅ አዳራሽ ብቻቸውን ከፍተው፣ ማሽኑን ብቻቸውን አሙቀው ሲተኩሱ ኖረዋል። አስኪያጆች ተቀያየሩ፤ ቁልፉ ግን ከእጃቸው አልወጣም። አንድ ጊዜ ሱፍና ተልባ ተቀላቅሎ የተሠራ ኮት መጣላቸው። በሕጋቸው እንዲህ ያለ ልብስ አይለበስም። ኮቱን ሰቅለው፣ ምኩራቡ ድረስ ሄደው ጠየቁ። መልበስ እንጂ ለሌላ ሰው መተኮስ አልተከለከለም ተባሉ። «እሺ፣ ግን እየተኮስኩ ብርድ ቢመታኝና ትከሻዬ ላይ ጣል ባደርገውስ?» አሉ። አይቻልም ተባሉ። ተመልሰው ተኮሱት፤ በብርድ።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚሁ የእሁድ ሥራ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩት እኚህ ሰው ቅዳሜ ልብሳቸው ሳይተኮስ ቢያገኙት፣ እሁድ «ትናንት ሥራ ያልገባችው ሴትዮ ማናት?» እያሉ ሊጣሉ መጡ። የተነገራቸውን ካዳመጡ በኋላ ሳይጣሉ ተመለሱ። በቀጣዩ እሁድ የተተኮሰ ሸሚዝ ይዘው እንደገና እንዲተኮስላቸው መጡ። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ትዳራቸው የሰመረ ነበር፤ ባለቤታቸው ዝምተኛ፣ እሳቸው ጠያቂ። የምኩራቡ የሃይማኖት መሪ የነበሩት የቀድሞው ረቢ የስልክ ቁጥር ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከምድጃው በላይ በእርሳስ ተጽፎ ነበር። ፈቃድ ብቻ ፈልገው የሚጠይቁ ግን አልነበሩም፤ ይህን ብዙ ሰው አይረዳላቸውም። አንድ ቀን ወተት የተማሰለበት ማንኪያ በስህተት የሥጋ ሾርባ ውስጥ ገባ። ደወሉ። ድስቱ ትንሽ ስለነበረና ወተቱ በሾርባው ብዛት ስለማይጠፋ አይበላም ተባለ። ባለቤታቸው ማንኪያቸውን ይዘው ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጡ፣ ሾርባው በፊታቸው ወደ ፍሳሹ ሄደ። «ባትጠይቂስ ኖሮ?» ብለው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ አጉረመረሙ። «ብጠይቅም ባልጠይቅም ማንኪያው ገብቷል» አሏቸው። ባለቤታቸው ያረፉት ልጆቹ ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። እትዬ ግን ወደ እኛ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ የመጡትም ያኔ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ ለምኩራቡ ስለሚቀርብ ነው ይሉ ነበር። ከበራችን እስከ ምኩራቡ አንድ መንገድ ብቻ ነው።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ጉልበታቸው ታመመ። ክሊኒኩ ምርኩዝ ሰጣቸው። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የሆነችው ልጃቸው በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ውስጥ ክፍል አዘጋጅታ «ያለ ምርኩዝ መሄድ ያቃተሽ ቀን እኔ ጋ ትገቢያለሽ፣ ክርክር የለም» አለቻቸው። እትዬ ግን በሁለት ነገር ልባቸው ተነካ። አንደኛ፣ ከዚያ ቤት እስከ ምኩራቡ በእግር አይደረስም፤ በሰንበት ደግሞ በመኪና አይኬድም፤ ስለዚህ በመስኮቱ በኩል ያለችው መቀመጫቸው ለዘለዓለም ቀረች ማለት ነው። ሁለተኛ፣ «ክርክር የለም» የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ ለልጃቸውም፣ ለሰፈሩም፣ ለራሳቸውም «ምርኩዙ ለውሻ ነው፣ እኔማ ወጥ ቤቴ ውስጥ እንደ ሚዳቋ ነኝ» ማለት ጀመሩ። ሰፈራችን ውሻ የለም፤ ቢሆንም ማንም አልተከራከራቸውም።

ነገር የተበላሸው በዚህ ነው። በዚያው ሰሞን ወጣት ረቢ ተሹመው መጥተው ነበር። እትዬ ግን ደግሞ ጥያቄ ሳይጠይቁ ሰው አይተዋወቁም። በሰንበት ዕቃ ይዞ ወደ መንገድ መውጣት እንደማይፈቀድ እያወቁ፣ ምርኩዝስ እንዴት ነው ብለው ጠየቋቸው። ረቢውም ያለ ምርኩዝ ፈጽሞ መሄድ ለማይችል ሰው ምርኩዙ እንደ እግሩ ስለሆነ እንደሚፈቀድ አስረዱና «ቤትዎ ውስጥ ያለሱ ይሄዳሉ?» አሏቸው።

«ወጥ ቤቴ ውስጥማ እንደ ሚዳቋ ነኝ!» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«እንግዲያው እትዬ፣ ለሚዳቋ ምርኩዝ ሸክም ነው» አሉ ረቢው።

ያን ዕለት ደረጃውን ሲወጡ አየኋቸው፤ ፊታቸው እንደተተኮሰ ጨርቅ ተጠፍጥፏል። «ሕጉን አልጥስም፤ ቤትም አልቀርም» አሉኝ። በሰንበት ጠዋት ምርኩዙን በሩ ኋላ አቁመው ወጡ። ክንዴን ብሰጣቸው «አንተ ደግሞ ሌላ ሸክም ልትሆንብኝ ነው?» አሉ። ስለዚህ ከኋላቸው፣ ያላየኋቸው መስዬ ተከተልኩ። የሥጋ ቤቱን ግድግዳ፣ የመድኃኒት ቤቱን የብረት መዝጊያ፣ የፀጉር ቤቱን መስታወት በመዳፋቸው እየዳበሱ ሄዱ። ነዳጅ ማደያው ጋ ግድግዳው አለቀ። ፊታቸው ያለው ሜዳ ነው። ቆሙ። የማደያው ሠራተኛ ነገሩ ባይገባውም፣ የሚወድቅ ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካቸው፣ ጎን ለጎን ተራመደ። ተሻገሩ። ምኩራቡ ሲደርሱ ጸሎቱ አልቆ ሰዉ እየወጣ ነበር። በሚወጣው ሰው መሀል ገብተው፣ መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፋቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ከፈቱ። ረቢው እስኪጨርሱ ድረስ ጥግ ላይ ቆመው ጠበቁ።

ሰኞ ረቢው ራሳቸው መጡ። እኔ ያን ሰዓት የእትዬ ግን ማጠቢያ ሥር ተኝቼ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እየፈታሁ ነበርና ሁሉንም ከመሬት ሆኜ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁም። ረቢው «እስቲ ሲሄዱ ልይ» አሉ። እትዬ ግን ከምድጃው እስከ መስኮቱ ሽር አሉ። ያ ወጥ ቤት ሁለት ሰው በጎን ካልሆነ የማይተላለፍበት ጠባብ ነው፤ ግራ እጃቸው ማጠቢያውን፣ ቀኝ እጃቸው የቁም ሳጥኑን እጀታ ሳይለቅ ነው የሄዱት።

«አሁን ደግሞ እጅዎን አንስተው» አሉ ረቢው።

እጃቸውን አነሱ። እግራቸው ግን አልተነሳም።

«እችላለሁ» አሉ፣ «ግን አሁን አልፈለግኩም።»

«እትዬ፣ ወጥ ቤቱ ነው እንጂ የሚሄደው እርስዎ አይደሉም። ምርኩዙ ተፈቅዶልዎታል።»

«ማን ፍቀዱልኝ አለዎት?»

ረቢው ጎሽ የሚባሉ መስሏቸው ነበር፤ ደነገጡ። ምኑን ያውቃሉ! እትዬ በሰንበት ምርኩዙን ለማግኘት መሄድ አልችልም ማለት አለባቸው፤ መሄድ አልችልም ካሉ ደግሞ ልጃቸው ዘንድ ያለው ክፍል ይጠብቃቸዋል። እትዬ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እሺ፣ ግን ረቢ፣ ሰው የሚጎዳ ነገር ማውራት ሐሜት ነው አይደለም?»

«ነው።»

«እውነት ቢሆንም?»

«እውነት ቢሆንም።»

«እንግዲያው ነገሩ ልጄ ጆሮ የገባ እንደሆነ ሁለታችሁንም ፈጣሪ ይጠይቃችሁ።»

«እኔ በሕጋችሁ የለሁበትም» አልኩ ከታች።

«ከማጠቢያዬ ሥር እስካለህ ድረስ አለህበት።»

ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሰንበት በመጣ ቁጥር እትዬ ግን በምርኩዛቸው ተደግፈው ምኩራባቸው ሄደዋል። ልጃቸው በምትመጣበት በእሁድ ደግሞ ምርኩዙን በሩ ኋላ ትተው፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ እንደ ሚዳቋ ሽር ሲሉ ኖረዋል። ሥጋ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ማደያው፣ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተነፈሰም። እንዲህ ያለ አፉን የዘጋ ሰፈር በበኩሌ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። በጾማቸው ቀን መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቁ፤ መውሰድ ግዴታ ነው ተባሉ። «እሺ፣ ግን በስንት ጉንጭ ውሃ?» አሉ። ረቢው በጥቂት በጥቂት፣ እያረፉ እንዲጠጡ ነገሯቸው፤ እየተቆጡ ዋጡት። ሐኪሞች ሆስፒታል እንዲተኙ ቢመክሯቸውም አልተስማሙም። ትናንት ከቀትር በኋላ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው አልጋ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ሕጋቸው ቀብር እንዲዘገይ አይወድምና ይህ ወረቀት በችኮላ ታትሟል፤ ለፊደሉ ግድፈት ይቅርታ እንጠይቃለን።

እትዬ ግን የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። አንድ ሰፈር ሙሉ ጎረቤትም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከሕያዋን ጋር ይቁጠርልን። በዚያም የሚጠይቁት አይጡ፤ ለሚመልስላቸውም ትዕግሥቱን ይስጠው።

የምርኩዙን ነገር በዚህ ወረቀት ላይ ማስፈር ሐሜት ይሆን እንደሆነ ትናንት ማታ ረቢውን ጠይቄ ነበር። ለሟች ክብር ከሆነ ይነገር፣ ቢሆንም አስቀድመህ ልጃቸውን አስፈቅድ አሉኝ። እኔም ላቤ ጠብ እስኪል ድረስ ተጨንቄ፣ እናቷ ስምንት ዓመት ያለ ምርኩዝ መራመድ ይቸግራቸው እንደነበር፣ ሰፈሩም ሁሉ ነገሩን ሲደብቃት እንደኖረ ለርዕሰ መምህርቷ ነገርኳት። የእናቷን ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«እና የምርኩዙን የጫፍ ጎማ ባለቀ ቁጥር ማን ሲቀይርላት የኖረ መስሏችሁ ነው?» አለችኝ።